የሃያ ዘጠኝ ደቂቃ መስመር

ጥቅምት 6

ጋሼ፣

የእትዬ ወገብ እንዴት ሆነ? አንተስ እንቅልፍ ይወስድሃል? ሰላምታውን እንዲህ ማሳጠሬን እንደ ጥጋብ አትቁጠርብኝ። ደብዳቤህ በእረፍት ሰዓት ደርሶኝ መምህራን ክፍል ውስጥ ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት። ደወሉን ሳልሰማ ቀርቼ ተማሪዎቼ ናቸው መጥተው የጠሩኝ።

ስልኩን ትተን በደብዳቤ እንሁን ያልከው ልክ ነው። እሁድ ዕለት አንድ ሰዓት ሙሉ ተጯጩኸን ምንም አልተግባባንም። እኔ «መስመሩ ሲወጣ» ስልህ አንተ «አዎ፣ የክሊኒኩ ዳገት ነው» ትለኛለህ። መስመር በጆሮ አይታይም።

ነገሩ በደንብ ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው፤ የሳትኩት ካለ አርመኝ። ከጣሪያ ወድቆ እግሩ የተቀጠቀጠውን አናጢ ከክሊኒኩ ተቀብለህ በአምቡላንስህ ሆስፒታል አደረስክ። ሰውየው ተረፈ፤ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሚስቱም «አምቡላንሱ መንገድ ላይ ባይዘገይ ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር» ብላ አመለከተች። የስምሪት ኃላፊው ከመኪናህ የፍጥነት መመዝገቢያ ወረቀቱን አውጥተው አዩና «መስመሩ የተኛበት ሁሉ መኪናው የቆመበት ነው፤ የወረደበት ደግሞ ወደ ክሊኒኩ የተመለሰበት ነው» አሉ። ኅዳር 20 የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይቀመጣል። ጥፋተኛ ካለህ ሃያ ሦስት ዓመት የያዝከውን መሪ ትለቃለህ። ይኼው ነው አይደል?

እንግዲህ የላክኸው ቅጂ ፊቴ ተዘርግቷል። አትቆጣና ልንገርህ፤ አንተም ኃላፊውም እኩል ተሳስታችኋል። አንተ በእስክሪብቶ ስም ሰጥተኸዋል፤ መጀመሪያ የሚወጣውን «የክሊኒኩ ዳገት»፣ ጠፍጣፋውን «የመጋዘኖቹ ሜዳ»፣ መሃል ላይ የሚወርደውን ሸለቆ «ድልድዩ»፣ የመጨረሻውን «የሆስፒታሉ ቁልቁለት»። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን መንገዱ እውነትም እንደዚያ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ዳገት፣ ሜዳ፣ ድልድይ፣ ዳገት፣ ሜዳ፣ ቁልቁለት። መንገዱን በቃሉ የማያውቅ ሰው እንዲህ አድርጎ ሊሳሳት አይችልም።

ወረቀቱ ግን የመንገድ ሥዕል አይደለም። አግድሙ ደቂቃ ነው፤ ቁሙ ፍጥነት ነው። መስመሩ ከፍ ያለበት ቦታ መኪናው የፈጠነበት እንጂ ኮረብታ የወጣበት አይደለም። ይህን በወሬ አታምነኝም፤ ስለዚህ በእግርህ ሞክረው። ከቤትህ በር እስከ ውሃ ታንከሩ ተራመድ፣ እዚያ ትንሽ ቁም፣ ከዚያ ተመለስ። እትዬ ሰዓት ትያዝልህ። ከዚያ ሁለት ግራፍ ሳል፤ በአንዱ ከበሩ ምን ያህል እንደራቅህ፣ በሌላው ምን ያህል እንደፈጠንክ። ሁለቱንም ላክልኝ። ከክሊኒኩ እስከ ሆስፒታሉ ስንት ኪሎሜትር እንደሆነም ጻፍልኝ።

እህትህ

ጥቅምት 15

በስድሳ ተማሪ ፊት መምህርት ለምትባዪው፣ ለእኔ ግን ያው ቁንጫ ለሆንሽው፣

እኛ ደህና ነን። የእትዬሽ ወገብ ተሽሎታል፤ ሚስቴ ናትና አውቃታለሁ፣ አፏ ከወገቧ ቀድሞ ነው የዳነው። ያዘዝሽኝንም በአንድ ቀን አድርጌ ጨርሼ ነበር፤ የዘገየሁት ሥዕሉን አራት ጊዜ ስለደጋገምኩ ነው።

ከበሩ እስከ ታንከሩ ሃያ እርምጃ ነው። እትዬሽ በርጩማ አውጥታ ደጃፍ ላይ ተቀመጠችና በየአምስት ሰከንዱ «አምስት! አሥር!» እያለች ትጮህ ጀመር። እኔ ሄድኩ፣ ቆምኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ምነው በደህና? ሐኪም ያዘዘልህ ነው?» አለኝ። «አይ፣ እህቴ ያዘዘችው ነው» አልኩት። «ታዲያ ከሐኪም ይብሳል» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ሥዕሎቹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በመጀመሪያው፣ ከበሩ የራቅሁትን በሚያሳየው፣ ስሄድ መስመሩ ይወጣል፣ ስቆም ይተኛል፣ ስመለስ ይወርዳል። በሁለተኛው፣ በፍጥነቱ፣ ስሄድ ነው የሚተኛው! ስቆም ዜሮ ላይ ዱብ ይላል። ስመለስ ደግሞ ልክ እንደ አካሄዴ ተነሥቶ ይተኛል፤ መመለሴን እንኳ አያውቅም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ያው እኔ፣ ያው ግቢ፣ ያው ታንከር፤ መስመሮቹ ግን ዘመድ እንኳ አይመስሉም። ያኔ ገባኝ። ኃላፊያችን ሁለተኛውን ወረቀት ይዘው የመጀመሪያውን እያነበቡ ነው። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ትቼ መንገዴን እያነበብኩ ነበር።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና አንድ የታየኝን ልጻፍልሽ። እኔ ስነዳ የፍጥነት ሰሌዳውን ብዙም አላየውም። የሚነግረኝ ከኋላ ቃሬዛ ላይ የተኛው ሰው ነው። በስድሳ ስሄድ አያቃስትም፤ መንገዱ ደህና ከሆነ በሰማንያም አያቃስትም። የሚያቃስተው ስነሣና ፍሬን ስይዝ ነው። እና ወረቀቱን ሳየው ሰው የሚያቃስትበት ሁሉ መስመሩ ያዘነበለበት ነው፤ አብዝቶ ባዘነበለ ቁጥር አብዝቶ ያቃስታል። ስለዚህ ሕመምተኛ የሚሰማው ፍጥነቱ ሳይሆን ዘንበሉ ነው ብዬ ደመደምኩ። ተሳስቼ ከሆነ በተማሪዎችሽ ፊት አታሳቂብኝ።

መንገዱ አሥራ ሰባት ኪሎሜትር ተኩል ነው። ከፈለግሽ ጉድጓዶቹንም ቆጥሬ እልክልሻለሁ።

አሁን የደበቅኩሽን ልናዘዝ። መግለጫዬን በጽሑፍ ካስገባሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ በዳገቱና በድልድዩ፣ ፈርሜበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ። እንዳትቆጪኝ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 23

ጋሼ፣

መቆጣቱን ለሌላ ጊዜ አቆየሁልህ፤ ዛሬ የመጣሁት ላደንቅህ ነው።

ስለ ዘንበሉ የጻፍከውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። መጽሐፋችን ለዚህ ነገር ሽምጠጣ የሚል ስም ሰጥቶት ሁለት ገጽ ማብራሪያና ስድስት ጥያቄ አድርጎለታል። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ተማሪዎቼ ሸምድደውት ይወጣሉ። አንተ ከቃሬዛ ላይ አገኘኸው። ሳላስፈቅድህ ደብዳቤህን ክፍል ውስጥ አነበብኩላቸው፤ ይቅርታ። ስለ እትዬ አፍ የጻፍከውን ዘልዬዋለሁ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ መስመሩ ተኝቶም ከፍ ያለ ከሆነ ሰውየው አይሰማውም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ያመጣኸው አንተ ነህ።

አሁን የቀረውን ላስተምርህ። ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት መኪናው የሄደው ርቀት ነው። በሰዓት ስድሳ ማለት በደቂቃ አንድ ኪሎሜትር ነው። ስድሳ ላይ ስምንት ደቂቃ ተኝቷል፤ ስለዚህ እዚያ ስር ያለው አራት ማዕዘን ስምንት ኪሎሜትር ነው። አርባ ላይ ዘጠኝ ደቂቃ የተኛው ስድስት ኪሎሜትር ይሆናል። ዘንበል ያሉት ሦስት ማዕዘን ናቸውና ግማሽ ግማሹን ያዝላቸው። ከክሊኒኩ ስትነሣ አንድ፣ ወደ ዜሮ ስትወርድ ግማሽ፣ እንደገና ስትነሣ አንድ፣ ሆስፒታል ስትገባ አንድ። ደምረው።

አሥራ ሰባት ተኩል! እኔ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ወደ ክሊኒኩ ተመልሰህ ቢሆን ድምሩ ከመንገዱ ይበልጥ ነበር። ሁለቱ ጠፍጣፋ መስመሮች መቆም ቢሆኑ ደግሞ አሥራ ሰባት ደቂቃ ቆመሃል ማለት ነው፤ የቀረችህ አሥራ ሁለት ደቂቃ ናት፤ በእሷ ያንን ሁሉ መንገድ ለመጨረስ አውሮፕላን ያስፈልግህ ነበር። ይባስ ብሎ በኃላፊው አነባበብ ዜሮ ማለት ክሊኒኩ ነው። መስመሩ ደግሞ መጨረሻው ላይ ዜሮ ነው። ስለዚህ አናጢው እስከ ዛሬ ሆስፒታል አልደረሰም።

አንድ ነገር ግን ይቀረናል። ሸለቆውን ድልድዩ ነው ብለኸዋል። ድልድይ ፍጥነት የለውም፤ ያ ዜሮ እውነተኛ ዜሮ ነው። ከክሊኒኩ ዘጠኝ ተኩል ኪሎሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆመሃል። እዚያ ምን አለ? ምን ስታደርግ ነበር?

እህትህ

ኅዳር 1

ቁንጫዬ፣

መልሴ ዘገየ። ተረኛ ሆኜ ነው ብልሽ ውሸት ነው፤ ኮሚቴው እስኪቀመጥ መኪና እንዳልነካ ታግጃለሁ። ጠዋት ጠዋት ጋራዥ እየሄድኩ የሰው መኪና ጎማ እነካካለሁ። ይህን ያልጻፍኩልሽ እንዳታዝኚ ብዬ ነው።

ስፋቱን እኔም ደመርኩት፤ አንዴ በእስክሪብቶ፣ አንዴ በእርሳስ፣ አንዴ በጣቴ። በሦስቱም አሥራ ሰባት ተኩል ሲመጣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሃያ ሦስት ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ተጣጥፎ እዚያች ወረቀት ውስጥ ይገባል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። እትዬሽ አየችውና «አንተ መንገዱን ሄድክበት፤ እሷ ግን ተቀምጣ ለካችው» አለች። እውነቷን ነው። ከዚህ ቤት እንዲህ ያለ ሰው በመውጣቱ ኮራሁ፤ ፊትሽ ብትሆኚ አልልሽም ነበርና አሁኑኑ ያዢው።

ስለ ሦስቱ ደቂቃዎች የጠየቅሽኝን ግን ተይው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ያለው የጡብ ፋብሪካው አጥር ነው፤ ሌላ ምንም የለም። አንቺ ሁለቱን ጠፍጣፋዎች ብቻ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጻፊልኝና ለኮሚቴው ላቅርበው። ሸለቆውን ድልድይ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ማንም ልብ አላለውም፤ እንደዚያው ይቆይ።

ወንድምሽ

ኅዳር 6

ጋሼ፣

አልጽፍልህም።

እምቢታ ከእኔ ለምደህ አታውቅምና ምክንያቱን ልንገርህ። ግራፍ ማንበብ በግማሽ አይሰጥም። ጠፍጣፋው መሄድ እንደሆነ የገባው ሰው፣ ዜሮው መቆም እንደሆነ በዚያው ትንፋሽ ይገባዋል። ኮሚቴውን አስተምረህ ስትጨርስ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው የእኔው ጥያቄ ነው። ያኔ ደግሞ ፊርማህ ያለበት ድልድይ እጃቸው ላይ ነው።

ሌላም ያየሁት አለ። ከክሊኒኩ ስትነሣ በሁለት ደቂቃ ስድሳ ገብተሃል። ስትቆም ስድሳውን በአንድ ደቂቃ ነው ያበረድከው። ከጡብ ፋብሪካው ስትነሣ ግን አርባ ለመግባት ሦስት ደቂቃ ፈጀህ፤ ሆስፒታሉ ጋም አርባዋን ለማብረድ ሌላ ሦስት ደቂቃ። መኪናው ያው፣ ሾፌሩ ያው፣ ሕመምተኛው ያው። ሕመምተኛ የሚሰማው ዘንበሉ ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ከአጥሩ በኋላ እስከ አፉ የተሞላ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ነው የነዳኸው። ስለዚህ ከመቆምህ በፊት መኪናው ውስጥ ያልነበረ፣ ከቆምክ በኋላ ግን እንዳይነቃነቅ የምትሳሳለት ነገር ነበረ። ምን ነበር?

ጋሼ፣ የሰፈሩ ልጆች በአባታቸው ሲፎክሩ እኔ በአንተ ነበር የምፎክረው። ከአፍህ ሐሰት ሰምቼ አላውቅም። ፈርተህ ከሆነ፣ ፍርሃት አይመጥንህም፤ ፈሪ ወንድም ደግሞ አልለመድኩም። ሰው እየሸፈንክ ከሆነ ግን ቢያንስ ለእኔ ንገረኝ። ሳላውቅ ልረዳህ አልችልም።

እህትህ

ኅዳር 11

ቁንጫ፣

ያዝሽኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ትራፊክ ያልያዘኝን ሰውዬ በሁለት ዘንበል ያዝሽኝ። ተናድጄ ደብዳቤሽን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፤ ማታውን አውጥቼ ለእትዬሽ አነበብኩላት። «ይህቺ ልጅ ከኋላ ተቀምጣ ነበር እንዴ?» አለች።

ከኋላ የነበረችው ነርሷ ናት። አዲስ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ያኔ አምስተኛ ሳምንቷ ነበር፤ የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። አናጢው ብዙ ደም ፈሶታል። ግሉኮስ ልትሰካለት ደም ሥር ትፈልጋለች፤ ደም ሥሩ ሸሽቷል፤ መንገዱ ደግሞ ታውቂዋለሽ። አንዴ ወጋች፣ ሳተች። ደግማ ወጋች፣ ጉድጓድ ገባሁና መርፌው ወጣ። በመካከላችን ባለችው ትንሽ መስኮት «ሰውየው እየሄደብኝ ነው፣ አቁምልኝ!» አለችኝ። ድምጿን ሰምቼ ሁለተኛ አልጠየቅኩም። አጥሩ ጋ ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ወርጄ ከኋላ ገባሁ። እኔ ክንዱን ያዝኩላት። ሦስተኛ ጊዜ ወጋች። ገባ። አሰረችው፣ ግሉኮሱን ሰቀልኩ፣ ተመልሼ መሪዬን ያዝኩ። ያቺ መርፌ እንዳትነቀል ብዬ ነው እንደ ብርጭቆ የነዳሁት። ሦስት ደቂቃዎቹ እነዚህ ናቸው።

ችግሩ ደንቡ ነው። ሕመምተኛ ጭነን ከመቆማችን በፊት ለማዕከሉ በሬዲዮ ማሳወቅ አለብን፤ አስፈቅዶ ማስቆም የእሷ ኃላፊነት ነው። እሷም ረሳች፣ እኔም ረሳሁ። ክሱ ሲመጣ አንጀቴን በላችው፤ ጋራዡ በር ላይ ቆማ «ያባርሩኛል» ትላለች። ያን ጊዜ «ስለ መቆሙ አንቺ ምንም አታውቂም፤ መሪው ያለው በእኔ እጅ ነው» አልኳት። ቃል ሰጥቻታለሁ። ኃላፊው ጠፍጣፋዎቹን ቆመሃል ሲሉኝም አፌን ሞልቼ ያልተከራከርኩት፣ መቆሜን ስለማውቅ ነው። የቱ ጋ ተጽፎ እንዳለ አላውቅም ነበር እንጂ መቆሜን አውቃለሁ።

አሁን ግን የቱ ጋ እንደተጻፈ አውቃለሁ፤ ያወቁትን እንዳላወቁ ማድረግ ደግሞ አይሆንልኝም። የድልድዩን መግለጫ አንስቼ ወረቀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሴ አስረዳለሁ። ዜሮው ጋ ስደርስ ቆሜያለሁ እላለሁ። ማን አስቆመህ ካሉኝ ግን ለነርሷ የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም። ከመሪው ቢያነሡኝም ተነሣሁ ነው።

ፈሪ ያልሽኝን አልተቀየምኩም። ትንሽ ብቻ።

ወንድምሽ

ኅዳር 15

ጋሼ፣

ፈሪ ያልኩህን አፌን ቆርጦ ይጣለው። ደብዳቤህን ይዤ ባዶ ክፍል ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ አስተማርኩ።

ልመጣልህ ፈልጌ ርእሰ መምህሩን ለምኜ ነበር፤ ፈተና ነውና አልተፈቀደልኝም። በምትኩ ትልቅ ወረቀት ላይ ግራፉን አሳድጌ ስዬ ልኬልሃለሁ፤ ጥቅልሉን ቀስ ብለህ ፍታው። ከፈለግኸው ብዬ አንድ ገጽ ማብራሪያ ጽፌ ነበር፤ ሳነበው የአንተን ያህል አልሆነልኝምና ቀደድኩት። በራስህ አፍ ንገራቸው።

ስለ ነርሷ የወሰንከውን አላከብረውም ልልህ ብዬ ጀምሬ ነበር። አከብረዋለሁ። ቃልህን ብታጥፍ ግን በልቤ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን እንዳልሰማህ ሁን።

እህትህ

ኅዳር 21

ቁንጫዬ፣ የእኔ ኩራት፣

ጤና ይስጥልኝ ለማለት እንኳ እጄ አልታገሥ ብሎኛል፤ ትናንት የሆነውን እንደሆነ ልጻፍልሽ።

ሰብሳቢዋ ሐኪም ናቸው፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የሚያዩ። የስምሪት ኃላፊው አጠገባቸው። አናጢው በሁለት ክራንች ገብቶ ከሚስቱ ጋር ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ነርሷ በምስክርነት ተጠርታ በሩ አጠገብ ነበረች። ወረቀትሽን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ አራተኛው ፕላስተር አልጣበቅ ብሎኝ ኃላፊው ራሳቸው መጥተው ያዙልኝ። «ከማስረዳቴ በፊት አንድ ጊዜ ቢራመዱልኝ» አልኳቸው። ሰዉ ሳቀ። ደግ ሰው ናቸው፤ ተነሥተው ከበሩ እስከ መስኮቱ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ተመለሱ። ሰብሳቢዋ ሰዓት ያዙ። እኔ ሁለቱን መስመሮች ሳልኩ። ኃላፊው ሁለቱን አፈራርቀው አዩ፣ ወደ ትልቁ ወረቀት ዞሩ፣ ጣታቸውን መጨረሻው ላይ አደረጉና «እንግዲያው በእኔ አባባል ሰውየው ገና ክሊኒክ ነው» አሉ። እኔ ሳልናገር! እንዲህ በሰው ፊት ስህተቱን አንስቶ የሚያይ አለቃ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ስፋቱንም ደመርኩላቸው። አሥራ ሰባት ተኩል ስል ሰብሳቢዋ «ይህን የት ተማርክ?» አሉኝ። «ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ነበር፤ የቀረውን ታናሽ እህቴ በፖስታ ላከችልኝ» አልኳቸው።

ያልሽው አልቀረም። መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና «ታዲያ ይኼ ዜሮ?» አሉ።

«ቆሜ ነው። ሦስት ደቂቃ። በሬዲዮም አላሳወቅኩም። ድልድይ ነው ብዬ የፈረምኩትም ስህተት ነው፤ ይነሣልኝ።»

«ማን አስቆመህ?»

«መሪው በእኔ እጅ ነበር» አልኩ። የአናጢው ሚስት «አላልኳችሁም? ቆሟል!» ብላ ተነሣች። ድምጿ እስከ አሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እውነቷን ነበር።

ያኔ ነርሷ ተነሣች። ማንም አልጠራትም። «ያስቆምኩት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ሁለቱን የሳተችውን፣ ሦስተኛውን፣ ሬዲዮውን መርሳቷን፣ እኔ ዝም በዪ ማለቴን ሳይቀር። ወደ ግራፉ ሄዳ በጣቷ እያሳየች፣ ከዜሮው በኋላ መስመሩ ለምን ቀስ ብሎ እንደሚነሣ ነገረቻቸው። ቁንጫ፣ እኔ ያንን አልነገርኳትም። መኪናው ውስጥ ሆና ተሰምቷት ነው።

ሰብሳቢዋ የሆስፒታሉን መዝገብ ገለጡ። ሰውየው ሲገባ የደም ግፊቱ ስንት እንደነበር አነበቡ። ከዚያ ለአናጢውና ለሚስቱ ቀስ ብለው ነገሯቸው፤ እግሩ ከጣሪያው ላይ ሲወድቅ ነው የሄደው፣ ሦስት ደቂቃ ቢቀድምም አይተርፍም ነበር፤ ያ ግሉኮስ ባይሰካ ግን ሆስፒታሉ በር ላይ የሚደርሰው አስከሬን ነበር አሉ።

አናጢው ክራንቾቹን ይዞ ተነሣ፤ ልረዳው ብል እጁን አወዛወዘብኝ። እየዘለለ ግራፉ ድረስ መጣና ብዙ አየው። አናጢ ነው፤ መስመር ማየት ያውቃል። «ይቺ ናት?» አለና ዜሮዋ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «እሷ ናት» አልኩት። ወደ ኮሚቴው ዞረ። «ለሌላው የፈለጋችሁትን ፍረዱ። እነዚህን ሦስት ደቂቃዎች ግን አትቅጡብኝ» አላቸው።

ለእኔም ለነርሷም ስለ ሬዲዮው አንድ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡን። የእኔ የፊርማው ስህተትም ተጨምሮበታል። እሷ ሥራዋ ላይ ናት። እኔም ሰኞ መሪዬን እረከባለሁ። ኃላፊው ወረቀትሽን ቢሯቸው ሊሰቅሉት ለምነውኛል፤ ሳላስፈቅድሽ ሰጥቻለሁ፤ አንቺም ደብዳቤዬን ሳታስፈቅጂኝ አንብበሻል።

ስወጣ የአናጢው ሚስት ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። መሬት መሬት እያየች «ሰኞ ቁስሉ የሚታይበት ቀጠሮ አለው፤ አንተ ነህ የምትመጣው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ልጅቷም ትምጣ» አለች።

ወንድምሽ